የበሬው ስም

ግንቦት 2015 ዓ.ም. የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ወገዳ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው በረቱ ነው። ሁለት በሬ በሚታሰርበት ቦታ አንድ ብቻ ቆሟል። አባቴ ደግሞ ክረምት እየመጣ በሬ የሚሸጡ ሰው አይደሉም።

«አባዬ፣ ሌላኛውስ?» አልኳቸው።

«እግሩን አሞት ሸጥነው። እግዜር ያውቃል፣ ሌላ እንገዛለን» አሉና ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት።

እኔም አልገፋሁበትም። በማግስቱ ግን አባቴ ያንን አንድ በሬ እየነዱ ወደ ጎረቤት ሲሄዱ አየሁ። መቀናጆ ገብተዋል። ከተማ የተወለዱ ልጆቻችሁ መቀናጆን ላያውቁት ስለሚችሉ ንገሯቸው፤ አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ሌላ ገበሬ ጋር አጣምሮ በየተራ ያርሳል። ነውር የለበትም። እንዲያውም የደግ ጎረቤት ምልክት ነው። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን የራሳቸውን ጥማድ ይዘው ሰባ ዓመት ላለፋቸው ሰው፣ የሰው ተራ መጠበቅ ቀላል አይደለም።

ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የስማዳ መሬት ከደጋው እየተንሸራተተ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ቆላ ይወርዳል። ስማዳም ሆነ ላይና ታች ጋይንት ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚጎዱ አገሮች ናቸው። እዚያ በሬ ማለት ከብት ብቻ አይደለም። የዓመቱ እህል፣ የልጅ መዳሪያ፣ የሕመም ጊዜ መታከሚያ ነው። ስለዚህ «ሸጥነው» የሚለው መልስ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ሥርዓት ኃላፊ ነኝ። ዘመዶቼ ባጭሩ «የኮምፒዩተሩ ሰው» ይሉኛል። አባቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ነኝ፤ ጠመንጃ የለኝም እንጂ» ነበር ያልኳቸው። ያን ሰሞን ዘበኛው ከአንድ ሽንፈት ገና መመለሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት ወር አንዲት ወጣት የሂሳብ ሠራተኛችን ጠዋት ላይ በሥራ አስኪያጁ ስም ኢሜይል ይደርሳታል። «ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ አትደውዪልኝ። ይህ ክፍያ ከምሳ በፊት ካልተላለፈ ውሉ ይፈርስብናል» ይላል። አድራሻው የሥራ አስኪያጁን ይመስላል፤ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣለች። ልጅቷ 260 ሺህ ብሩን አስተላለፈች። ከምሳ መልስ ግን ሥራ አስኪያጁን በኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። የስብሰባ ሰው አይመስሉም። ልቧ ያን ጊዜውኑ ነገሩን አውቆታል።

ታዲያ ምን አደረገች? ዝም አለች። ሁለት ቀን ሙሉ። ሥራ አስኪያጃችን በቁጣቸው የታወቁ ናቸው። «ምናልባት እውነት ቢሆንስ» እያለች ራሷን ስታጽናና፣ ብሩ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ በሦስተኛው ቀን ጉዳዩ ሲወጣ ከሒሳቦቹ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም አባል ነበርኩ። «ቸልተኝነት» ብለን ጻፍን፤ ከደመወዟ እንዲቆረጥና ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት ወሰንን። ፈረምኩ። ፊርማዬ እጄን አላንቀጠቀጠውም። እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ «ስንት ጊዜ አስተማርኳቸው!» እያልኩ ነበር።

ወደ ወገዳ ልመለስ። በሦስተኛው ማታ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰበሰበ። እንደተለመደው «የኮምፒዩተሩ ሰው እስቲ የአዲስ አበባን ወሬ ንገረን» ተባልኩ። እኔም የስልክ ሌቦችን ነገር አነሳሁ። «ማንም ደውሎ ቁጥር ንገሩኝ ቢላችሁ አትንገሩ። የሚናገር ሰው ሞኝ ነው። ከብቱን በገዛ እጁ ፈትቶ ለሌባ የሚሰጥ ማለት ነው» አልኩ። ምሳሌዬን ራሴው ወደድኩት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬ ደመደምኩ።

ከበሩ ጥግ የተቀመጠው የጎረቤት ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪው፣ ድንገት ማልቀስ ጀመረ። እናቱ «ምን ሆንክ?» ብትለው አይመልስም። አባቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«ልጁን ተዉት። ቁጥሩን ያነበበው እሱ ነው፤ አንብብ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ።

አባቴ ባንክ የገቡት በ2013 ዓ.ም. ነው። መስከረም 4 ቀን አዲስ የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች፣ ከእነሱም ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ 200 ብሩ ይፋ ሲሆኑና አሮጌው ብር በሦስት ወር ውስጥ ይቀየር ሲባል፣ በየሙዳዩና በየሌማቱ ሥር የነበረው ሁሉ ወደ ባንክ ወጣ። አባቴም ደብተር አወጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ፤ ባንኮቹም ሒሳብን በስልክ ማንቀሳቀስን በየገጠሩ አስፋፉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የገበሬ ገንዘብ ከመቀነት ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገባ። መቀነት እንዴት እንደሚጠበቅ እናቶቻችን ያውቁ ነበር። ስልኩ እንዴት እንደሚጠበቅ ግን ተቀምጦ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን በስልክ ትእዛዝ ሰጠሁ እንጂ አላስተማርኩም።

አባቴ በጥር ወር ከውቂያ በኋላ አሮጌውን በሬ ሸጠው 38 ሺህ ብር ባንክ አስገብተዋል። ሐሳባቸው ከክረምት በፊት ጎረምሳ በሬ መግዛት ነበር። በየካቲት አንድ ጠዋት ስልካቸው ጠራ። ደዋዩ በሙሉ ስማቸው ጠራቸው። «እንደምን አደሩ አባት? ከባንክ ነው የምንደውለው። መረጃዎ ስላልታደሰ ሒሳብዎ ዛሬ ይዘጋል። ወገዳ ድረስ እንዳይንገላቱ ብለን ነው እኛው የደወልንልዎ» አላቸው። ድምፁ ጨዋ ነው። ችኩል ግን አይደለም፤ ችኮላውን ለአባቴ ነው የተወላቸው።

አባቴ ዳዊት ይደግማሉ፤ ዓይናቸው ግን የስልኩን ጥቃቅን ፊደል አይለይም። በዚያ ላይ መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው። እንደ ወትሯቸው የጎረቤቱን ልጅ ጠሩት። ልጁ የሚስጥር ቁጥራቸውን ያውቃል፤ ካርድ የሚሞላላቸው፣ ከእኔ ብር ሲገባ ገባ ብሎ የሚነግራቸው እሱ ነው። በመልእክት የመጣውን ስድስት አኃዝ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ። ከቁጥሩ ሥር «ይህን ለማንም አይስጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረ። እሱም በእንግሊዝኛ።

እዚህ ላይ አያቶችም እንድትከታተሉኝ ነገሩን ላብራራ። ያ ስድስት አኃዝ የቤት ቁልፍ ማለት ነው። አንድ ሰው የእናንተን ሒሳብ በሌላ ስልክ ለመክፈት ሲሞክር፣ ባንኩ «እውነት ባለቤቱ ነው?» ብሎ ለማረጋገጥ ቁጥሩን ወደ እናንተ ስልክ ይልካል። ቁጥሩን የላከው ባንኩ ራሱ ስለሆነ መልሶ ከእናንተ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው፣ ስማችሁን ከነአያታችሁ ቢጠራም፣ በርዬው ላይ የቆመ ሌባ ነው። ስማችሁን ማወቁም አያስደንቅ። ገንዘብ ለመላክ የሒሳብ ቁጥር ሲገባ የባለቤቱ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ስም ምስጢር አይደለም።

«ከዚያስ?» አልኳቸው አባቴን።

«ከዚያማ ልጁ በዚያው ቀን ማታ ከፍቶ አየው። ባዶ። እኔም ዝም በል አልኩት።»

«ባንኩ ግማሽ ሰዓት መንገድ አይሆንም! በዚያው ቀን ብትሄዱ ኖሮ ሒሳቡን ያግዱት ነበር። ለምን ለእኔ አልነገራችሁኝም?»

አባቴ መልስ ሳይሰጡ ቆዩ። በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ በደወልክ ቁጥር ‹ቁጥር እንዳትሰጡ፣ ቁጥር እንዳትሰጡ› ነው የምትለኝ። ሰጥቼ ስገኝ ምን ብዬ ልንገርህ? ደግሞ ልጁን ይገርፉታል ብዬ ፈራሁ። በዘጠነኛው ቀን ሄድኩ። አልቋል አሉኝ።»

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአባቴ የካቲትና የቢሮዬ የካቲት አንድ ወር ነው። ልጅቷ ሁለት ቀን ዝም አለች፤ አባቴ ዘጠኝ ቀን ዝም አሉ። ልጅቷ አለቃዋን ፈራች። አባቴ ደግሞ የፈሩት እኔን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታውን የሚያስደብቀው ግን ብዙ ጊዜ የሐኪሙ ፊት ነው። ለልጅቷ «ቸልተኝነት» ብዬ እንደፈረምኩት ለአባቴም መፈረም እችል ነበርን?

ከሃያ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ኮምፒዩተር ስጠብቅ፣ ሌባው የሚሰብረው መሣሪያውን ይመስለኝ ነበር። ቆም ብዬ ሳስበው ሁለቱም ሌቦች ምንም አልሰበሩም። የተጠቀሙት በባሕላችን ነው፤ ያውም በደጉ ባሕላችን። ትልቅ ሰው ሲናገር አይጠየቅም፤ አለቃ ሲያዝ «እርግጠኛ ነዎት ወይ?» አይባልም። የጨዋ ድምፅ ይታመናል። ያስቸገረን ሰው ቶሎ መሸኘት ደግነት ነው። የይለፍ ቃል ደግሞ የመተማመን ምልክት ሆኗል። በእኛ ቢሮ ፈቃድ የሚወጣ ሰው የይለፍ ቃሉን ለባልደረባው ጽፎ ካልሰጠ «ምን ሸሸገን?» ይባላል። አባቴም ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ የሰጡት በዚሁ ልብ ነው። ልጁ አንዲት ሳንቲም አልነካባቸውም። ችግሩ ልጁ ሌባ መሆኑ አልነበረም። ሁለት ሰው የያዘውን ቁልፍ ሦስተኛው ሲጠይቅ መስጠት ቀላል መሆኑ ነው።

ይህ የእኛ ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክን የዘረፉት ሰዎች አስቀድመው ለሠራተኞቹ ሥራ ፈላጊ መስለው ኢሜይል ልከው ነበር። ከዚያ የሳምንቱን የዕረፍት ቀናት አሰሉ። ባንግላዴሽ ዓርብና ቅዳሜ ያርፋል፣ ገንዘቡ ያለበት ኒውዮርክ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ። በዚያ ክፍተት አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊጠጋ የነበረ ገንዘብ ጠየቁ። 81 ሚሊዮኑ ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። ከጥያቄዎቹ አንዱን፣ 20 ሚሊዮን ዶላሩን፣ ያስቆመው በእንግሊዝኛ የተሳሳተች አንዲት ቃል የጠረጠረ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ጥፋቱም ማዳኑም በሰው እጅ ነበር ማለት ነው። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የትዊተር ሠራተኞች በስልክ ተታልለው የባራክ ኦባማንና የኢሎን መስክን ጨምሮ የታዋቂ ሰዎች ገጾች በአጭበርባሪዎች እጅ ገቡ። በዋና ተከሳሽነት የቀረበው የ17 ዓመት ልጅ ነበር። የዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኞች እንዲህ ከተታለሉ፣ በወገዳ በረት አጠገብ የቆሙ አዛውንት መታለላቸው ምን ይደንቃል?

እኛ የኮምፒዩተር ሰዎችም የራሳችን ጥፋት አለብን። እኔ ሠራተኛው ሁሉ የይለፍ ቃሉን በየወሩ እንዲቀይር አስገድድ ነበር። ጠንካራ ጥበቃ መስሎኝ። አንድ ቀን የጽሕፈት ቤቱን ጠረጴዛዎች ስዞር፣ ከኪቦርድ ሥር፣ ከካላንደር ጀርባ፣ ከመስተዋት ጥግ የተለጠፉ ወረቀቶች አገኘሁ። አንዷ እናት የልጇን ስም ከወሩ ቁጥር ጋር ነው የምታደርገው፤ ሌባ ጥቅምት ላይ ካወቀው ኅዳርን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የመሰረቅ ምልክት ሳይኖር ሰውን በየጊዜው የይለፍ ቃል ማስቀየር ይቅር ያለው ለዚህ ነው። ሰው የማይችለውን ሕግ ስታወጡበት ሕጉን አይጥስም፣ በጎን ይዞረዋል። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይቅርታ ማለት ፈልጌ ቃሉ እምቢ አለኝ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ድሮ» አሉ፣ «አንድ መሪጌታ ድጓ አውቃለሁ ብሎ ቢመጣ ቃሉ ብቻ አይበቃም። ከቤተልሔም አስመስክረሃል ወይ ይባላል። ዝማሬ መዋሥዕት አውቃለሁ ካለ የዙር አምባ ምስክር ይጠየቃል። ሁለቱም እዚሁ እኛው አገር ጋይንት ናቸው። የት እንደተመሰከረለት ሳይታወቅ ማንም ወንበር አይሰጠውም። ይኸን የስልክ ሰውዬ ግን ማን መሰከረለት? ሳልጠይቀው ወንበር ሰጠሁት።»

እኔ ለዓመታት በብዙ ስላይድ ያላስረዳሁትን ነገር አባቴ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። መጠየቅ ንቀት አይደለም። የሊቅ አገር ሥርዓት ነው።

«እንግዲህ እኛም ምስክር እናብጅ» አልኳቸው። «አንድ ሰው በእኔ ስም ቢደውልልዎ፣ ወይም ልጅዎ ታሟል ቢልዎ፣ እኛ ብቻ የምናውቀውን አንድ ነገር ይጠይቁት።»

አሰቡና ሳቅ አሉ። «የመጀመሪያውን በሬያችንን ስም።»

እኔ ልጅ ሳለሁ ከኋላው እየሄድኩ ያደግሁት በሬ ነው። ስሙን ከቤተሰባችን በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ እኔም እዚህ አልጽፈውም። ልጁንም ጠርተን አስተማርነው። የማንበብ ሥራው እንዲቀጥል፣ ነገር ግን ቁጥር ሲመጣ ለአባቴ ጆሮ ብቻ እንዲነግር፣ ደዋይ በመስመር ላይ እያለ ምንም እንዳያነብ። የሚስጥር ቁጥሩንም ባንክ ሄደን ቀየርን። አዲሱን አባቴ ብቻ ያውቁታል፤ ከአንድ ከሚወዱት የዳዊት መዝሙር ቁጥር አውጥተውታል መሰለኝ፤ አልጠየቅኋቸውም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ እኔ አስተማሪ ሆኜ በወጣሁ ነበር። አላበቃም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ተነስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ስልኩም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። የአባቴን ድምፅ ሳልሰማ ሳምንታት አለፉ። እንዲህ ያለውን ቀን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብ ይዘላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። አንድ ሰው የአባቴን ስም ጠርቶ «በጠና ታመው ከሐኪም ቤት አምጥተናቸዋል፤ መድኃኒት ከውጪ ግዙ ተብለናል፤ አሁን መናገር አይችሉም» አለኝ። የቴሌብር ቁጥር ሰጠኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ 6 ሺህ ብር ላክሁ። የበሬውን ስም አልጠየቅሁም። ትዝም አላለኝ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሼ ስደውል ቁጥሩ ዝግ ነው። ያኔ ገባኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ «ለማንም አልናገርም» የሚል ነው። የኮምፒዩተሩ ሰው! ያቺ የሂሳብ ሠራተኛ በኮሪደሩ ላይ ቆማ የተሰማትን ነገር ያን ጊዜ በገዛ ሆዴ አወቅሁት። እሷን ያታለላት አለቃን መፍራት ነው፤ እኔን ያታለለኝ አባቴን ማጣት። ዕውቀት ፍርሃት ሲመጣ ከክፍሉ ወጥቶ የሚሄድ ነገር መሆኑን የተማርኩት በ6 ሺህ ብር ነው። ርካሽ ክፍያ ነው።

ለራሴ የነፈግሁትን ፊት ለራሴ ሰጠሁና ደውዬ አመለከትሁ። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ቁጥሩ ግን ታገደ፤ ቢያንስ በዚያ ቁጥር ሌላ ልጅ አይታለልም። ማታ ራት ላይ ለባለቤቴና ለልጆቼ ነገርኳቸው። በማግስቱ በቢሮ ለሠራተኛው ሁሉ ነገርኩ። በስብሰባ ላይ፣ ቆሜ። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዱ እጁን አወጣ፤ «እኔም ባለፈው ወር አንድ ሊንክ ነክቼ ነበር፤ ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት» አለ። ሌላዋ ቀጠለች። በዚያች አንድ ሰዓት ሦስት ነገር አወቅሁ፤ በስንት ዓመት ማስጠንቀቂያ ያላወቅሁትን።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ግን በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረችም። ከወገዳ እንደተመለስኩ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ጠይቄ ነበር፤ ቅጣቱ ግን ጸንቷል፤ እሷም ሥራውን ለቃለች። ፈልጌ ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የራሴንም ነገርኳት። ለትንሽ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ያን ቀን ከምሳ በኋላ የእርስዎ ቢሮ በር ድረስ መጥቼ ነበር፤ ድምፅዎን ሰምቼ ተመለስሁ» አለችኝ። በስልክ ሰው ላይ እየጮህኩ ነበር መሰለኝ። ስለ ምን እንደሆነ ዛሬ አላስታውስም።

ያንን በር በቤቴ ክፍት ማድረጌን ያወቅሁት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። መቼም የማትረሱት ሌሊት ነው፤ ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ በላይ ማውጣትና መላክ የቻሉበት። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበር፣ ሲስተሙ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገለጸ፤ የተወሰደውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲዎች በቅጽበት ተዳረሰ፤ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። በሩ የተከፈተው በማሽን ስህተት ነው። ገብቶ የወሰደው ግን ሰው ነው። ብዙዎቹ ደግሞ የእኔና የእናንተ ጨዋ ልጆች ነበሩ።

ዩኒቨርሲቲ ያለችው ልጄ በዚያ ሌሊት ደወለችልኝ። «አባ፣ ጓደኞቼ ሁሉ እየወጡ ነው። ባንኩ ስጦታ ሰጥቷል ይላሉ። ልሂድ?» በሌላ ጊዜ ቢሆን መጮሄ አይቀርም ነበር። «ጠይቀሽ ደግ አደረግሽ» አልኳት። «እያንዳንዱ ብር በስምሽ ይመዘገባል፤ ነገ ሲቆጠር ማን እንደወሰደ ይታወቃል። ደግሞ ያንቺ አይደለም።» አልሄደችም። ከቀናት በኋላ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ ሲያደርግ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም መልሱ የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፉ፣ ስንት ወላጅ በስንት ቤት እንደተጨነቀ እናንተው ታውቃላችሁ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ያ ነው። ልጄን በኋላ «ለምን ደወልሽልኝ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አንተም እኮ ስትታለል ነግረኸናል» አለችኝ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ በቤታችን የጸናው ሥርዓት ጥቂት ነው። በመልእክት የመጣ ቁጥር ለማንም አይነበብም። ደዋይ ቢያጣድፍ ስልኩ ይዘጋና እኛው በምናውቀው ቁጥር መልሰን እንደውላለን፤ እውነተኛ ባንክም እውነተኛ ዘመድም በዚህ አይቀየምም። ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ የበሬውን ስም ይጠየቃል፤ በዛሬ ጊዜ የሰው ድምፅ በኮምፒዩተር ተመስሎ ሊሠራ ስለሚችል የድምፁ መመሳሰል ምስክር አይሆንም። ጥፋት ከደረሰ በመጀመሪያዋ ሰዓት ለባንኩ ይደወላል፣ ከዚያ ለፖሊስ ይመለከታል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የወጣው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ አንድ ሰው «ተታለልኩ» ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?» አይደለም። «ለባንኩ ተደውሏል?» ነው። ቁጣው ይደርሳል። ገንዘቡ ግን አይጠብቅም።

እናንተ ልጆች ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁን በስልክ ከማስጠንቀቅ ይልቅ አንድ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ስልካቸውን አብራችሁ ክፈቱ። እናንተ አያቶች ደግሞ አትፈሩን። እኛም እንታለላለን።

ስልኩ ከአባቴ ጋር ሲገናኝልኝ የ6 ሺህ ብሩን ነገር ነገርኳቸው። ጤነኛ ነበሩ፤ ጎመን ሲያጠጡ ነበር የደወልኩት። ታሪኩን እስኪጨርሱ አዳመጡኝና ሳቃቸው መጣ።

«የበሬውን ስም ጠየቅኸው?»

«አልጠየቅሁትም፣ አባዬ።»

«አይ ዘበኛ!» አሉኝ።

አልተቆጡኝም። ከዚያ ወዲህ አባቴ በሆነ ባልሆነው ይደውሉልኛል፤ የገባ መልእክት ሁሉ፣ የካርድ ማስታወቂያ ሳይቀር፣ «ይኸ ምንድን ነው?» ይባላል። ስብሰባ ላይ ብሆንም አነሳለሁ። በዓመቱ ሁለታችን አዋጥተን በሬ ገዛን፤ በረቱም ሞላ፤ ከመቀናጆው ግን አባቴ አልወጡም፤ ጎረቤታቸው አንድ በሬ ብቻ ስላለው ጥማዱን ያውሱታል። አዲሱ በሬ የራሱ ስም ወጥቶለታል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይጠራዋል። ምስክራችን ግን የአሮጌው ነው።